የስስ አየር መሐንዲስ፤ የሳንፎርድ ሞስ ሕይወትና ሥራ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በጣና ዳርቻ የሚነፍሰው አየር ለሰው ሳንባ የተስማማ ቢሆንም ለሞተር ግን ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ወለል አየር ግፊት ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ያጣ ነውና። ከዚህም የተነሣ በወደብ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ የቤንዚን ሞተር ጣና ዳር ሲደርስ ከ80 ጥቂት ከፍ የሚል ጉልበት ብቻ ይኖረዋል። የጐደለው ጉልበት በመካኒኩ ስሕተት ወይም በፋብሪካው ድክመት የጠፋ አይደለም፤ ከፍታው የወሰደው ግብር ነው። ይህን ግብር ማስመለስ እንደሚቻል በተራራ አናት ላይ ቆመው፣ በቁጥር አስደግፈው ካስመሰከሩት ቀደምት ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ አሌግዛንደር ሞስ ነው።

በዛሬው ጊዜ ተርቦ የተገጠመላቸው አነስተኛ የቤንዚን መኪናዎች በኢትዮጵያ ከተሞች ጐዳናዎች ላይ ይታያሉ። ከእነርሱም ጋር አንድ ልማድ አብሮ ገብቷል፤ ይኸውም መኪናው ጉልበት ሲያንሰው ወይም ሰማያዊ ጭስ ሲያወጣ ተርቦው ሞተ ብሎ በሌላ መተካት ነው። ምክንያቱ ሳይመረመር የተገጠመው ተተኪ ብዙ ሳይቆይ እንደ ቀዳሚው ይሆናል፤ ባለቤቱ ገንዘቡን፣ ጋራዡም ስሙን ያጣል። የሞስ የሕይወት ታሪክ ለባለሙያ የሚጠቅመውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ ተርቦን የሚገድሉት ነገሮች በአብዛኛው ከሙቀት፣ ከፍጥነትና ከግፊት የሚመነጩ ናቸው፤ እነዚህም ሦስቱ የሞስን ዘመን ሁሉ የፈጁ ባላጋራዎች ነበሩ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ዓመተ ምሕረት ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሞስ በኦገስት 23 ቀን 1872 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ። ዓመቱ በኢትዮጵያ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በአክሱም የነገሡበት ነው። ዕድሜው 16 ዓመት ሲሆን በታመቀ አየር የሚሠሩ መሣሪያዎች ወደሚዘጋጁበት ዎርክሾፕ ለእጅ ሙያ ተለማማጅነት ገባ። አየር ሲታመቅ እንደሚሞቅ፣ ሲለቀቅም ሥራ ለመሥራት የሚችል ኃይል እንደሚሆን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመሣሪያው ሥር ቆሞ ተማረ። በታመቀ አየር ውስጥ ነዳጅ ቢቃጠል ከዚያ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ መዘውር ለማዞር ይችላል የሚለውም አሳብ ያደረበት በዚሁ በወጣትነቱ ዘመን ነው። አሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለመፈጸም የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ጠይቋል።

ከተለማማጅነት በኋላ ሞስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ገብቶ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው የዓድዋ ድል በተገኘበት በ1896 ነው። በ1900 የማስተርስ ዲግሪውን ከተቀበለ በኋላ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በዚያም የወጣትነት አሳቡን የምርምሩ ርእስ አደረገው። ነዳጅ የሚቃጠልበትን ክፍል ራሱ አዘጋጅቶ የሚወጣውን ጋዝ በእንፋሎት ተርባይን መዘውር ላይ ለቀቀው፤ መዘውሩም ዞረ። ይሁን እንጂ አየሩን ለማመቅ የተከፈለው ጉልበት መዘውሩ ከሚሰጠው ጉልበት ይበልጥ ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሚያተርፈው የሚያከስረው ይበልጣል። ሞስ ግን ውጤቱን በሐቅ መዝግቦ በ1903 የዶክተርነት ማዕረጉን አገኘ።

በዚያው ዓመት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በማሳቹሴትስ ግዛት በሊን ከተማ በሚገኘው ፋብሪካው ቀጠረው። ለዓመታት የጋዝ ተርባይኑን ለማሻሻል ቢደክምም ከተቃጠለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለወጠው ኃይል እጅግ ጥቂት ሆኖ ስለ ተገኘ በ1907 ኩባንያው ምርምሩን አቆመ። ለብዙ ሰው እንዲህ ያለ ውሳኔ የአሳብ መቃብር ነው። ሞስ ግን ከወደቀው መሣሪያ ውስጥ የሚጠቅመውን ክፍል አወጣ። አየር ለማመቅ የሠራው ክንፋማ መዘውር ለብረት ማቅለጫ ምድጃዎችና ለሌሎች ኢንዱስትሪዎች አየር ለመግፋት ተፈላጊ ሆነ። እንዲሁም ትኩስ ጋዝ በፍጥነት በሚዞር ብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከማንም አብልጦ ዐወቀ። እነዚህ ሁለት ዕውቀቶች ከዐሥር ዓመታት በኋላ በአንድ ዘንግ ላይ ይገናኛሉ።

በዚህ መካከል በአውሮፓ ሌሎች ሰዎች ወደዚያው ግብ በሌላ መንገድ ይጓዙ ነበር። የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ከሞተር በጭስ መልክ የሚባክነውን ኃይል ተጠቅሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ስለማመቅ በ1905 ፓተንት አወጣ። የእርሱ ሥራ ፍሬ ያፈራው በታላላቅ የዲዝል ሞተሮች፣ ከሁሉም በፊት በመርከቦች ላይ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ ኦገስት ራቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ይህንኑ አሳብ ለአውሮፕላን ሞተር አዋለው።

የመሣሪያው አሠራር በባሕር ዳር አካባቢ ላደገ ሰው ለመረዳት አያስቸግርም። ከጣና የሚወጣው የዓባይ ውኃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በጢስ ዓባይ ገደል ሲወርድ የተሸከመው ኃይል በከንቱ ይፈስ ነበር። በ1956 ዓ.ም. የተሠራው የኃይል ማመንጫ ከዚያው ውኃ ከፊሉን ወደ ተርባይን መርቶ ኤሌክትሪክ አደረገው። የተርቦም ምሥጢር ይኸው ነው። ከሲሊንደር የሚወጣው ትኩስ ጭስ በማርሚታ በኩል ወደ ሰማይ ከመበተኑ በፊት በትንሽ የተርባይን መዘውር ላይ ያልፋል። በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ የተተከለው መዘውር አብሮ በመዞር ንጹሕ አየር ስቦ፣ አምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። አየር በበዛ ቍጥር ብዙ ቤንዚን በሚገባ ይቃጠላል፤ ከዚያውም ሞተር የሚበልጥ ጉልበት ይገኛል።

አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ አውሮፕላኖች ከፍ ባሉ ቍጥር ሞተራቸው የመድከሙ ነገር ዐቢይ ችግር ሆኖ ቀረበ። የመንግሥቱ የአቪዬሽን አማካሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዊልያም ዱራንድ ቀድሞ በኮርኔል መምህር ስለ ነበረ የሞስን ምርምር ያስታውስ ነበር። በእርሱም አሳሳቢነት ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሥራውን ተቀበለ፤ ዐሥር ዓመት ተዘግቶ የቆየውም ፋይል እንደ ገና ተከፈተ። ለሙከራ የተመረጠው ሊበርቲ የተባለው የቤንዚን ሞተር ነበር። ሞተሩ 12 ሲሊንደሮች ያሉት፣ ስፋቱ 27 ሊትር የሆነ፣ በተለመደ አሠራሩ 400 ያህል የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነው።

በዚያ ዘመን የከፍታን አየር በፋብሪካ ውስጥ አስመስሎ ሞተር ለመፈተን የተመቻቸ ነገር አልነበረም። በአውሮፕላን ላይ ገጥሞ መፈተንም ለአብራሪው አደገኛ፣ ለመለኪያ መሣሪያዎችም የማይመች ነበር። ስለዚህ ሞስ ሞተሩን ወደ ሰማይ ከመላክ ይልቅ ወደ ተራራ ይዞ ለመውጣት ወሰነ። የተመረጠው ቦታ በኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው ፓይክስ ፒክ ሲሆን ከፍታው 4,300 ሜትር ያህል ነው፤ ከራስ ዳሽን ጫፍ ጥቂት ዝቅ፣ ከጉና ተራራም ከፍ ይላል። እስከ አናቱ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ከተሠራለት ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። ሊበርቲ ሞተር ከነመለኪያው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ በሴፕቴምበር 1918 ወደ ተራራው አናት ወጣ።

ሞተሩ በቆላው ምድር ሲለካ 350 የፈረስ ጉልበት ሰጥቶ ነበር። በተራራው አናት ያለ ተርቦ ሲነሣ የተገኘው 230 ብቻ ሆነ፤ ከፍታው ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ወሰደበት ማለት ነው። ተርቦው ሲጨመርበት ግን 356 ተመዘገበ። በቆላ የነበረው ጉልበት ተመልሶ፣ በላዩም ትርፍ ታየ። ለከፍተኛ ምድር አገሮች ከዚህ የበለጠ ትርጉም ያለው የሞተር ሙከራ አይገኝም። ሞስ በተራራው ላይ ያረጋገጠው ተርቦ ሞተርን ለማስፈጠን የተፈለሰፈ ጌጥ አለመሆኑን ነው፤ ከፍታ የነሣውን የሚመልስ መሣሪያ ነው።

ጦርነቱ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ስላበቃ መሣሪያው ለውጊያ አልደረሰም። ሙከራው ግን በሰላሙም ጊዜ ቀጠለ። በፌብሩዋሪ 1920 አብራሪው ሩዶልፍ ሽሮደር በተርቦ የሚታገዝ ሊበርቲ ሞተር በተገጠመለት አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ወጣ። በዚያ ከፍታ ኦክሲጅን አጥሮት ራሱን ሳተ፣ ዓይኖቹም በብርድ ተጐዱ፤ አውሮፕላኑ ብዙ ሺሕ ሜትር ቍልቍል ከወረደ በኋላ ነቅቶ በሕይወት ለማረፍ ቻለ። የሰው ሳንባ የማይችለውን ከፍታ ሞተሩ ችሎት መገኘቱ የሞስን ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የዝና ሳይሆን የትዕግሥት ዓመታት ነበሩ። የቤንዚን ሞተር ጭስ ከዲዝል ጭስ የበለጠ ትኩስ ስለሆነ መዘውሩ ቀልቶ እስኪታይ ይግላል። የጋለ ብረት ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ይሳባል፣ ይሰነጠቃል። ሞስ ተርባይኑ የበረራው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እንዲቀመጥ በማድረግ መዘውሩን በውጭው ቀዝቃዛ አየር አበረደው፤ ሙቀትን የሚችሉ የብረት ቅልቅሎች ሲገኙም ክንፎቹ ከእነርሱ መሠራት ጀመሩ። አየር ሲታመቅ መሞቁ አይቀርምና ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት የሚበርድበት ራዲያተር መሰል ክፍልም በአውሮፕላኖቹ ላይ ተጨመረ። ዛሬ በመኪና ላይ ኢንተርኩለር የሚባለው ይኸው ነው። ኩባንያው ከዚሁ ጎን ለጎን በጭስ ሳይሆን በሞተሩ ማርሽ ኃይል የሚዞሩ አየር ማመቂያዎችንም ሠራ።

ሞስ በ1938 በጡረታ ተሰናበተ፤ ዕረፍቱ ግን አልረዘመም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቃረብ በአማካሪነት ተመልሶ ተጠራ። ቢ 17 እና ቢ 24 የተባሉት ቦምብ ጣዮች፣ እንዲሁም ፒ 38 እና ፒ 47 የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች በእርሱ እጅ በዳበረው ተርቦ ታግዘው በስስ አየር ውስጥ ጉልበታቸውን ሳያጡ በረሩ። ለ1940 የተመደበው የኮሊየር ዋንጫ፣ ይኸውም በአሜሪካ አቪዬሽን ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ሽልማት፣ ለእርሱና ለአገሩ የአየር ጓድ በአንድነት ተሰጠ። በ1941 እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል የፈለሰፈው የጄት ሞተር በአሜሪካ እንዲሠራ ሲወሰን ሥራው ለጄኔራል ኤሌክትሪክ የተሰጠው በተርቦ ያካበተው ልምድ ስለ ነበረው ነው። በ1942 ያ ሞተር አውሮፕላን ይዞ ተነሣ። ሞስ በ16 ዓመቱ ያሰበው፣ በ1907 የተዘጋበት የጋዝ ተርባይን በስተርጅናው ዘመን ሲበር አየ።

ሞስ በኖቬምበር 10 ቀን 1946 በሊን ከተማ ዐረፈ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ አድርጎ ነበር። የተጠቀመባቸው ሲ 47 አውሮፕላኖች ሞተር በማርሽ የሚዞር አየር ማመቂያ የተገጠመለት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ካለው ከአዲስ አበባ ሜዳ ጭነት ይዞ ለመነሣት የታመቀ አየር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለዚያ ዘመን አብራሪዎች የሚነገራቸው ነገር አልነበረም።

መሣሪያው ወደ ተራው የቤንዚን መኪና የደረሰው ሞስ ካረፈ ከ16 ዓመታት በኋላ ነው። በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር በተርቦ ለገበያ ቀረቡ። ጄትፋየር 3.5 ሊትር ሞተሩ 215 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን የታመቀው አየርና ቤንዚን ጊዜው ሳይደርስ እየነደደ ሞተሩን እንዳያንኳኳው ከውኃና ከሚታኖል የተቀመመ ፈሳሽ በተለየ ጋን እየተጨመረ መረጨት ነበረበት። ብዙ ባለቤቶች ፈሳሹን መሙላት ስለሚዘነጉ መኪናው ጉልበቱን ያጣ ነበር፤ ኩባንያውም በመጨረሻ ተርቦውን አውልቆ ተራ ካርቡራተር እስከ መግጠም ደረሰ። ሳብ በ1970ዎቹ መጨረሻ 99 በተባለው መኪናው ላይ ትንሽ ተርቦ መርጦ ትርፉን ጭስ በዌስትጌት በማሳለፍ ለዕለት ሥራ የሚመች ሞተር አደረገው። የዛሬዎቹ መኪናዎች የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ለውጡን በአኃዝ ማየት ይቻላል። ሊበርቲ ከአንድ ሊትር 15 ያህል፣ ጄትፋየር ከ60 ጥቂት የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት ያወጡ ነበር። ቶዮታ በ2015 ያወጣው 1.2 ሊትር ተርቦ ሞተር ግን 116 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም ከአንድ ሊትር 97 ያህል ይሰጣል። ትልቁ የመጠምዘዝ ኃይሉም ገና ከ1,500 ዙር ጀምሮ ይገኛል። ይህን ለማድረግ ከዐውራ ጣትና ከሌባ ጣት ክብ ብዙ የማይበልጥ መዘውር በደቂቃ እስከ 200,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይዞራል። የቤንዚን ጭስ ሙቀት በከባድ ሥራ ላይ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ዘንጉ የተቀመጠበት ኩሽኔታ ከብረት ጋር የማይነካካ፣ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ የሚንሳፈፍ ነው። በአይሱዙና በሌሎች የዲዝል መኪናዎች ተርቦ የሠለጠነ መካኒክ ይህን ልዩነት ሊያስተውል ይገባል። የዲዝል ጭስ ከዚህ ብዙ የቀዘቀዘ ነው፤ የዲዝል ሞተርም ቤንዚኑን የሚያሰጋው ያለ ጊዜው የመንደድ አደጋ የለበትም። ስለዚህ ዲዝሉ ይቅር የሚለውን ቸልተኝነት ቤንዚኑ ይቅር አይልም።

ከፍታውም የራሱን ሸክም ይጨምራል። ተርቦው በወደብ ከተማ 1.8 ባር ግፊት ለማድረስ የሚገባውን አየር 1.8 እጥፍ ያምቀዋል። በባሕር ዳር የሚያገኘው አየር 0.8 ባር ያህል ብቻ ስለሆነ ለዚያው ግፊት ከ2.2 እጥፍ በላይ ማመቅ አለበት። ስለዚህ በፍጥነት ይዞራል፣ አየሩንም ይበልጥ ያሞቃል። ተርቦው ከፍታ የወሰደውን የሚመልሰው የራሱን ትርፍ ዐቅም እየከፈለ ነው። ግፊቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ከፍ ማድረግ በሌላ አገር ድፍረት ቢሆን በጣና ዳርቻ ጥፋት ነው፤ በወደብ የማይሰማ ትንሽ የአየር ማፍሰሻም እዚህ መዘውሩን ከልኩ አልፎ እንዲሮጥ ያስገድደዋል።

ከብልሽቶቹ ሁሉ ቀዳሚው የዘይት ነው። ዘይቱ ያረጀ፣ ደረጃው የማይስማማ ወይም መጠኑ ያነሰ ከሆነ ኩሽኔታው ያለ ጊዜው ይፋቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ መኪና ዓባይ በረሃ ወርዶ በደጀን በኩል ዳገቱን ሲወጣ ተርቦው ለረጅም ጊዜ ግሎ ይሠራል። ነጂው ደጀን ደርሶ ለምሳ ሲያቆም ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ የዘይቱ ጉዞ ይቋረጣል፤ በጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይት ነድዶ ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉም ቀጭኑን መግቢያ ይደፍናል። ሞስ መዘውሩን በበረራ ነፋስ ያበርድ ነበር፤ በመኪና ቦኖ ውስጥ ግን ነፋስ የለም፤ የማብረዱ ሥራ የዘይትና የውኃ ነው። ሞተሩን ሳያጠፉ አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ነዳጅ መርገጫ ማቆየት የአንድ ተርቦ ዋጋ ያድናል።

ሁለተኛው ባላጋራ አቧራ ነው። በበጋ ወራት ከከተማ ወጣ ብሎ በጠጠር መንገድ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጎርጎራ የሚመላለስ መኪና የአየር ማጣሪያው ቶሎ ይሞላል። የታፈነ ማጣሪያ ተርቦው ዘይት እንዲስብ ያደርገዋል፤ የተቀደደ ወይም በሚገባ ያልተገጠመ ማጣሪያ ደግሞ አሸዋውን ያሳልፋል። በዚያ ፍጥነት የሚዞር ክንፍ የአሸዋ ቅንጣት ሲመታው እንደ ተሞረደ ይበላል። ማጣሪያን በአየር ጠመንጃ ነፍቶ ደጋግሞ መመለስ ወረቀቱን ስለሚቀደው ቁጠባ አይደለም።

ሦስተኛው የግፊት መዛባት ነው። ከኢንተርኩለር ጋር የተያያዘ ጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ ወይም ማሰሪያው ሲላላ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ዌስትጌቱ ተከፍቶ ከቀረ መኪናው ይደክማል፤ ተዘግቶ ከቀረ ግን ግፊቱ ልኩን አልፎ ሞተሩን ያንኳኳል፣ ፒስቶንም እስከ መስበር ይደርሳል። ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን፣ ያረጀ ካንዴላና የቆሸሸ ኢንተርኩለር ይህንኑ አደጋ ያባብሳሉ። በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን ከ1,500 ዙር በታች አፍኖ ዳገት ማስወጣትም በቀጥታ ቤንዚን የሚረጭባቸውን ትንንሽ ሞተሮች ለዚሁ ያጋልጣል።

አራተኛው ብዙ ተርቦዎች ያለ በደላቸው የሚፈረድባቸው ነው። ሰማያዊ ጭስ የታየበት ተርቦ ሁልጊዜ ያረጀ አይደለም። ዘይት መላሹ ቱቦ ከተጣመመ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ከተደፈነ ወይም የፒስቶን ቀለበቶች አርጅተው የካርተሩ ግፊት ከፍ ካለ ዘይቱ መመለሻ አጥቶ በተርቦው በኩል ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሞተር አዲስ ተርቦ አያድነውም። ስለዚህ ተርቦ ከመፈታቱ በፊት የዘይቱ ደረጃና ግፊት፣ መግቢያና መመለሻ ቱቦው፣ መተንፈሻው፣ የአየር ማጣሪያው፣ የአየር ቱቦዎቹ፣ ዌስትጌቱ በተራ ሊታዩ ይገባል። ተርቦው የግድ መለወጥ ካለበትም ዘይቱና ማጣሪያው አብረው ይለወጣሉ፤ ኢንተርኩለሩ ከዘይትና ከብረት ስባሪ ይጸዳል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት አዲሱ ኩሽኔታ በዘይት ይርሳል።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ከምን ጊዜውም የበለጠ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለ ተወሰነ፣ በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ዕድሜ በባለሙያው እጅ ላይ ወድቋል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቷ ለአገሪቱ የእጅ ሙያ ዐዋቂዎችን ስታፈራ ለኖረችው ባሕር ዳር ይህ እንግዳ ኀላፊነት አይደለም። ሞስ በ1907 ሥራው ሲዘጋበት መሣሪያውን ጠቅልሎ አልጣለውም። የትኛው ክፍል እንደ ወደቀና ለምን እንደ ወደቀ መርምሮ፣ ደኅናውን ክፍል አድኖ ከተራራ አናት ላይ አደረሰው። ሞተር ፈቶ ከፊቱ ዘርግቶ ለቆመ መካኒክም ከዚህ የሚበልጥ የሥራ ሥርዓት አይገኝለትም።